ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ ተቀይሯል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ግን አሮጌው ነው፤ እባካችሁ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ከደሴ)፦ ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ላለ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ የማሳየው የሽያጭ ፕሮግራም አለኝ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ቦታ ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) ሲሆን፣ የዋጋ ዝርዝሩን የያዘው የጄሰን (የጽሑፍ ዳታ) ፋይል ከላፕቶፔ በባይንድ ማውንት (የላፕቶፑ ፋይል ኮንቴይነሩ ውስጥም እንዲታይ በሚያደርግ ማገናኛ) ይገባለታል። የቆርቆሮውን ዋጋ ቀይሬ ሴቭ ሳደርግ ላፕቶፑ ላይ አዲሱ ዋጋ ይታያል፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቼ ሳነበው ግን የቀድሞው እንዳለ ነው። እስከ ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር። መብራት ሳይሄድብኝ መላ በሉኝ።

ጦሳ፦ ኮንቴይነሩን ሪስታርት አድርገው።

ቦርከና፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ሳትነግረን ነው የጠየቅኸን። ዊንዶውስ የምትጠቀም ከሆነ ዶከር ዴስክቶፕ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በደብልዩ ኤስ ኤል ቱ (ዊንዶውስ ውስጥ በሚሠራ ሊኑክስ) ላይ ስለሆነ፣ ሲ ድራይቭ ላይ ያለ ፋይል የሚነበበው በሁለቱ ሲስተሞች መካከል ተሻግሮ ነው፤ ንባቡ ይዘገያል፤ ፋይሉ መቀየሩን የሚያሳውቀው ምልክትም ለፕሮግራሙ አይደርሰውም። ስለዚህ ፕሮጀክቱን ወደ ሊኑክሱ ሆም ፎልደር አዛውረው። ይህን ሳያጣሩ ዶከር የሚጀምሩ ልጆች በዝተዋል።

ጠያቂ፦ ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው የምጠቀመው። ሪስታርት ሳደርገው አዲሱ ዋጋ ይመጣል፤ እንደገና ስቀይረው ግን ያው ነው።

ጦሳ፦ እኔም ሪስታርት አድርገው ነው ያልኩት።

ገራዶ፦ ችግሩ ማውንቱ አይመስለኝም። የብረት ዋጋ በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ቦታው ዳታቤዝ ነው እንጂ ፋይል አይደለም፤ ለአንድ መደብር ዶከር ማስፈለጉም አልታየኝም።

ሐይቅ ዳር፦ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ሪስታርት የሚደረግ ከሆነ ነጋዴው አንድ ቆርቆሮ ሳይሸጥ ቡናው ከአቦል በረካ ይደርሳል። አብሽር ወንድሜ፣ ኤዲተር ቀይረህ ይሆን? አንድን ፋይል ብቻውን ማውንት ስታደርግ ኮንቴይነሩ የሚይዘው ስሙን ሳይሆን ከስሙ ጀርባ ያለውን አይኖድ (የራሱ መለያ ቁጥር ያለውን የፋይሉን መዝገብ) ነው። ቪም የሚባለው ኤዲተር ሴቭ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ አሮጌውን ፋይል ገሸሽ አድርጎ በዚያው ስም አዲስ ይጽፋል፤ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ቅርንጫፍ ሲቀያየርም እንዲሁ ያደርጋል። ኮንቴይነሩ ታዲያ ተከራዩ ቤት መልቀቁን ሳይሰማ የድሮውን በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ይሆናል። ለማረጋገጥ ውጭም ውስጥም ሆነህ ኤል ኤስ በሚለው ትዕዛዝ ላይ ሰረዝ አይ ጨምረህ የፋይሉን ቁጥር አወዳድር። ከተለያየ ፋይሉን ለብቻው ባለ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥና ፎልደሩን ማውንት አድርግ። በፕሮግራሙ ዋና ፎልደር ላይ ግን እንዳታደርገው፤ ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሣበት ጥቅል) ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሸፍንብሃል። ደግሞም ኮምፖዝ ፋይሉን (የኮንቴይነሩ አሠራርና ማውንቱ የሚጻፍበትን) ካስተካከልክ በኋላ ሪስታርት ለውጡን አይወስድልህም፤ ኮምፖዝ አፕ ማለት አለብህ። ለዛሬ ማታ ብቻ ከሆነ፣ የቪምን ባክአፕኮፒ የሚባል ሴቲንግ የስ ብታደርገው በነበረው ፋይል ላይ ይጽፍልሃል።

ጠያቂ፦ አዎ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ ከትናንት ጀምሮ ከቪኤስ ኮድ ወደ ቪም ዞሬያለሁ! ይህ ይያያዛል ብዬ አልገመትኩም። ልሞክረውና እመለሳለሁ።

ገራዶ፦ ዳታቤዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ወልድያ፦ ጠያቂው እስኪመለስ የእኔን ልንገራችሁ። ተመሳሳይ ችግር ነበረብኝ፤ ሳወዳድር የውጭው ቁጥር በ418፣ የውስጡ በ397 የሚያልቅ ሆኖ አገኘሁት፤ ፎልደሩን ማውንት ካደረግሁ በኋላ አንድ ሆነዋል። የፎልደሩን ስም ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ፊደል ስቼ ስለነበር፣ ዶከር ምንም ስህተት ሳይናገር በሩት (በሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ባለቤትነት አዲስ ባዶ ፎልደር ፈጥሮልኝ፣ የዋጋ ዝርዝሬ የት ጠፋ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ።