የምንዛሪ ለውጡ ያናጋውን የግንባታ መርሐ ግብር እንዴት እንምራው?

ጥያቄ፦ ከፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በአዲስ አበባ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ግንባታ እመራለሁ። የስትራክቸር ሥራውን የጨረስነው ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በማለፉ፣ ለሊፍት፣ ለኤሌክትሪክ ገመድና ለአሉሚኒየም የያዝነው ግምት በሙሉ ፈረሰ፤ አቅራቢዎች የሚሰጡን ፕሮፎርማም ከሦስት ቀን በላይ አይጸናም። መርሐ ግብሩን ሁለት ጊዜ ከልሰን ለአማካሪው ብናቀርብም፣ ሁለቱም ሳይጸድቁ ጊዜ አለፈባቸው። በዚህ መካከል ሁለት መሐንዲሶችና ለዓመታት አብሮን የሠራ ፎርማን ለቀቁ። ለሦስተኛ ጊዜ መከለስ ይሻላል ወይስ የአመራር መንገዳችንን ራሱን መለወጥ?

መልስ 1፦ ከውል አስተዳደር ባለሙያ

ከመርሐ ግብሩ በፊት ውሉን ይክፈቱ። ውልዎ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ በተባለው መደበኛ የግንባታ ውል ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ተቋራጩ ችግሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ28 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ የጊዜም የገንዘብም መብቱን ያጣል፤ ዝርዝር ማስረጃው ደግሞ በ42 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ሌላ ቦታ ነው። የዋጋ መናር ብቻውን የጊዜ ማራዘሚያ አያስገኝም። ውሉ ለማራዘሚያ የሚቀበለው ከወረርሽኝ ወይም ከመንግሥት እርምጃ የመነጨና አስቀድሞ ሊገመት የማይችል የዕቃ ወይም የሰው ኃይል እጥረትን ነው፤ የዋጋ ማስተካከያ ደግሞ የማስተካከያው ሰንጠረዥ ከውሉ ጋር ካልተያያዘ አይሠራም። ስለዚህ በሳይት መዝገቡ ላይ «ዕቃው ተወደደ» እና «ዕቃው ከገበያ ጠፋ» የሚሉት ሁለት ነገሮች ተለይተው፣ በየቀኑ መጻፍ አለባቸው። ጥሩ ተቋራጮች ይህን ልዩነት ባለመመዝገባቸው ብቻ ሲከስሩ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

መልስ 2፦ ከዕቅድና ክትትል መሐንዲስ

ሦስተኛውን ሙሉ ክለሳ አልመክርም። ዋና ዋና የማጠናቀቂያ ቀኖችን ብቻ ከላይ አስቀምጠው፣ ዝርዝሩን ለሚመጡት ስድስት ሳምንታት ብቻ ያዘጋጁ፤ በየሳምንቱም አንድ ሳምንት ይጨምሩበት። ለአንድ ሥራ ዕቃው፣ ሥዕሉ፣ ሠራተኛውና ገንዘቡ አራቱም ካልተሟሉ በሳምንቱ ዕቅድ ውስጥ አያስገቡት። እኛ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወቅት ሳይታችንን ያቆየነው በዚህ መንገድ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልተሟላውን ሥራ ከዕቅድ ማውጣት እንደ ሽንፈት ይቆጠርብን ስለነበር፣ ለመልመድ ሁለት ወር ያህል ወስዶብናል።

በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራውን የብሎኬት ግንባታና ልስን ማስቀደም ይቻላል። ሆኖም የኤሌክትሪክ ኮንዲዩት (ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ) ሳይቀበር ግድግዳ እንዳይለሰን አጥብቀው ይጠንቀቁ፤ ገመዱ ሲመጣ ልስኑን መልሶ መቦርቦር ከመዘግየቱ የበለጠ ያስወጣል።

መልስ 3፦ ከቀድሞ የሳይት ኃላፊ

ስለ ለቀቁት ሰዎች ማንም አላነሣም። ፎርማኑ ይዞት የሄደው ዕውቀት በየትኛውም ሥዕል ላይ የለም፤ የትኛው የቧንቧ መስመር በየት እንዳለፈ የሚያውቀው እርሱ ነው። በክብር ጠርታችሁ፣ የቀን አበሉን ከፍላችሁ፣ ከተተኪው ጋር እያንዳንዱን ፎቅ እየዞረ እንዲያስረክብ አድርጉ። የቀሩትንም ደመወዛቸው የሚከፈልበትን ቀን ቁርጡን ንገሯቸው።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማሳወቂያው ደብዳቤ በ20ኛው ቀን ገብቷል፤ መዝገባችን ግን «ዕቃ ዘገየ» ከማለት በቀር የሚለው የለም። ከአቅራቢዎች የመጡትን «ዕቃው የለንም» የሚሉ ምላሾች በየቀናቸው እያሰባሰብን ነው። የስድስት ሳምንቱን ዕቅድ ከሰኞ ጀምሮ እንሞክረዋለን። ፎርማኑን ዛሬ ጠዋት ደውዬለት፣ ቅዳሜ ሊመጣ ተስማምቷል።