ጥቆማ፦ ለሞዴል ባቡር የሚሆን የድንጋይ ግንብ ከፎም፤ ዲሲ አካባቢ ምን ከየት ይገዛል?

ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከልጄ ጋር ቤዝመንት ውስጥ ሞዴል ባቡር ጀምረናል። መጠኑ ኤችኦ ነው። የድሮውን የጅቡቲ መስመር የሚመስል ነገር ነው ያሰብነው። ተራራ ይኖረዋል፣ ድልድይ ይኖረዋል፣ ከሐዲዱ ጎን ደግሞ አፈር የሚይዝ የድንጋይ ግንብ። ተሠርቶ የሚሸጠውን ግንብ አየሁት፤ ለሚያስፈልገን ርዝመት ዋጋው አይቀመስም። ከፎም ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። የትኛው ፎም ነው? የት ይገኛል? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባጭሩ ልንገርህ። ሆም ዲፖ፣ የግንባታ ዕቃ መደብሩ ጋ፣ ሂድና ሮዙን የኢንሱሌሽን ፎም ግዛ። ትልቁን ሳይሆን ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ ተቆርጦ የሚሸጠውን፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነውን። በመኪና ወንበር ላይ ይገባል። የተረፈህን ገንዘብ ቀለም ላይ አውለው። ፎም ላይ ብዙ የሚያወጣ ሰው ቀለም ላይ ሲሰስት አያለሁ፤ ግንቡም ከሩቁ ፎም ፎም ይላል።

ሂሳቡን እንየው። ኤችኦ 1 ለ 87 ነው፤ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። አራት ሜትር ቁመት ያለው ግንብ በሞዴል 4.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያንን አንድ ፎም በዚህ ቁመት ብትቆራርጠው 13 ቁራጭ ይወጣዋል። ጫፍ ለጫፍ ሲገጥም ስምንት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ወደ እውነተኛው ዓለም ስንመልሰው 690 ሜትር ግንብ ማለት ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ዙሪያ ግንብ 900 ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ፎም ሦስት አራተኛውን አጠርክ። ተሠርቶ የሚሸጠውን ይህን ያህል ርዝመት እገዛለሁ ብትል ግን ሎኮሞቲቩን መሸጥ ሊኖርብህ ነው።

ስለ ፎም ዓይነት። ቲቪ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ፣ ፍሬ ፍሬ ያለው አለ። እሱ ለተራራ ሙሌት ጥሩ ነው። ድንጋይ ልቅረጽበት ስትል ግን ፍሬው እየተነቀለ ያበሳጭሃል። የምትፈልገው ጥቅጥቅ ያለውን፣ ኤክስፒኤስ የሚሉትን ነው። ሮዙ የኦወንስ ኮርኒንግ ነው። ድሮ ሰማያዊ የነበረው ስታይሮፎም አሁን ከዱፖንት በግራጫ ይወጣል። ሎውስ ብትገባ ደግሞ ሌላ ቀለም ልታገኝ ትችላለህ። በቀለሙ አትጨነቅ፣ ሁሉም ይቀረጻል። በብርማ ፎይል የተሸፈነውን ቢጫማ ፎም ግን አትንካው። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ሲጫኑት ይፈረፈራል።

ዶላር ትሪ የሚሸጠው ፎም ቦርድ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። 20 በ30 ኢንች ሆኖ ከሁለት ዶላር በታች ነው። ውፍረቱ አምስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ጥሩነቱ፣ ሁለቱንም ወረቀት በእጅ ስትስበው ልጥጥ ብሎ ይነሳል። ማይክልስ ያሉት ውዶቹ ቦርዶች ወረቀታቸው ሙጭጭ ብሎ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ርካሹ ይበልጣል። ወረቀቱ የተነሳለት ቦርድ በቀላሉ ስለሚታጠፍ ለጠመዝማዛ ግንብ ይመቻል። ብቻውን አይቆምም፤ ከኋላው ሮዙን ፎም ወይም እንጨት መለጠፍ አለብህ።

በነፃ ልሥራ ካልክ ደግሞ የሥጋ ትሪ አለ። ሜሪላንድ የምግብ መያዣ ፎም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለከለከለች የሬስቶራንቱን ሣጥን አታገኝም። ጥሬ ሥጋ የሚታሸግበት ትሪ ግን ከክልከላው ውጭ ስለሆነ ግሮሰሪ ውስጥ አለ። በሳሙና በደንብ ታጥቦ ይደርቅ። ስስ ነው። ለአንዲት ጎጆ ግድግዳ ወይም ለድልድይ ጎን ይበቃል፣ ለረጅም ግንብ ግን መገጣጠሚያው ይበዛብሃል።

ኤድመንስተን ያለውን ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍትንም እይ። ያገለገሉና የተረፉ የሕንፃ ዕቃዎች የሚሸጡበት ትልቅ መጋዘን ነው። ቁርጥራጭ ፎም በሄድክ ቁጥር ታገኛለህ ማለት አልችልም፤ ሲገኝ ግን ዋጋው ደስ ይላል። ፎም ባይኖር እንኳ ለጠረጴዛው የሚሆን እንጨትና በር አይጠፋም። ጠፍጣፋ አሮጌ በር ጥሩ የባቡር ጠረጴዛ ይወጣዋል።

ተሠርቶ የሚመጣው ሁሉ አይረባም ለማለት አይደለም። ውድላንድ ሲኒክስ ከጀሶ የተቀረጸ ግንብ አለው፤ ድንጋዩ ያምራል፣ ግን ይከብዳል፣ ከወደቀም ይሰበራል። ቹች የሚባለው እንደ ጎማ የሚታጠፍ፣ ከኋላው የሚለጠፍ ነው። ለጠመዝማዛ ቦታ ከዚያ የሚቀል የለም፤ ጥለቱ ሲደጋገም ግን ዓይን ይይዘዋል። የጀርመኑ ኖህ ከጠንካራ ፎም የተሠሩ ግንቦች አሉት፣ ከሦስቱ ለእኔ ልብ የሚገባው እሱ ነው። እኔ ብሆን ገንዘብ የማወጣው ለዋሻ በር ብቻ ነው። ቅስቱን አስተካክሎ መቅረጽ ትዕግሥት ይፈጃል፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው። የተገዛውን በር መሃል አድርገህ ግራ ቀኙን በፎም ቀጥል። ያገለገለ ዕቃ ከፈለግክ ቲሞኒየም፣ ሜሪላንድ ስቴት ፌርግራውንድስ ውስጥ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ትልቅ የሞዴል ባቡር ትርዒት አለ። ጠረጴዛ ሥር ያሉትን ካርቶኖች መፈተሽ አትርሳ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ ምላጭ ያለው ከተር ያስፈልጋል፤ የደነዘዘ ምላጭ ፎም ይቦጭቃል። አግድም መስመሮቹን በማስመሪያና በእርሳስ በስሱ አስምር። ከዚያ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ እየተጫንክ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሳል። እዚህ ላይ መጠኑን ጠብቅ። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በኤችኦ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ጀማሪ ሁሉ ድንጋዩን ያገዝፈዋል፤ ከዚያ ባቡሩ መጫወቻ ይመስላል። ሰው በኤችኦ ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱን የሞዴል ሰው ግንቡ አጠገብ አቁመህ ሥራ፣ ይህን ድንጋይ አንስቶ መሸከም ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅ።

ግንበኛ የሚያውቀውን ደንብም አትርሳ። የላይኛው ረድፍ ቋሚ መገጣጠሚያ በታችኛው መገጣጠሚያ ላይ አይውልም። ትልልቁ ድንጋይ ከታችና ከማዕዘን ይሆናል። ማዕዘኑ ላይ መስመሩ ዞሮ ወደ ሌላው ጎን መቀጠል አለበት። ይህን የዘለለ ግንብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው የሚመስለው።

መስመሩ ሲያልቅ የወጥ ቤት ፎይል ጨምድደህ ኳስ አድርግና ፊቱን ሁሉ ነካ ነካ አድርገው። የፎሙ ልስላሴ ይጠፋል። ከዚያ እዚህም እዚያም አንዳንድ ድንጋይ በእርሳስ ጀርባ ወደ ውስጥ ገፋ አድርግ። ወጣ ገባ ሲል ነው ብርሃን የሚይዘው።

ቀለም። ስፕሬይ አትጠቀም፤ ተራ ስፕሬይ ፎሙን ይበላዋል። መጀመሪያ ጥቁር የአክሪሊክ ቀለም ሞድ ፖጅ ከሚባለው የእጅ ሥራ ኮላ ጋር ቀላቅለህ ቀባው። ፊቱን ያጠነክረዋል፣ ሮዙም እንዳይታይ ያደርጋል። ከላይ መካከለኛ ግራጫ ወይም ቡናማ። ለዚህ ሆም ዲፖ ለናሙና የሚሸጠው ትንሹ የቤር ቀለም ይበቃል፤ ሰው አስበጥብጦ የተወው ቅናሽ ቀለም ካለም ጠይቅ። ቀጥሎ ከዋናው ትንሽ ጠቆር፣ ትንሽ ነጣ፣ ትንሽ ቀላ ያሉ ሦስት ቀለሞች ይዘህ ድንጋዮችን እየዘለልክ ቀባ። ዋልማርት ያሉት ትንንሾቹ አፕል ባረል ጠርሙሶች ይሆናሉ። ሲደርቅ ጥቁር ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥነህ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ ፊቱ ላይ ልቀቀው። ራሱ መስመሩን ፈልጎ ይገባል። መጨረሻ ላይ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም አስነክተህ በወረቀት ጥረገው፤ ያለቀ ሲመስል የድንጋዩን ጠርዝ ዳበስ ዳበስ። ግንቡ ድንጋይ የሚሆነው እዚች ላይ ነው።

ኖራው ነጣ ብሎ የሚታይ የጎንደር ዓይነት ግንብ ከፈለግክ የጥቁሩን ውሃ ተወው። የግድግዳ መድፈኛ፣ ጆይንት ኮምፓውንድ የሚሉትን፣ አቅጥነህ መስመሩ ውስጥ አስገባና ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ማሽንና አገልግሎት የጠየቀኝ ሌላ ሰው ስለነበር እሱንም እዚሁ ልበል። የፕሮክሶን ጋለ ሽቦ መቁረጫ ግሩም ነው፤ ዋጋው ከመቶ ዶላር በላይ ስለሆነ ለአንድ ግንብ አያዋጣም። ዲሲ ያለው ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የፈጠራ ቤተ ሙከራ አለው፣ ሌዘርና ስሪዲ ፕሪንተር አለው። ፎም ይዘህ ሌዘር ፊት አትቅረብ፤ ይቀልጣል፣ ይቀጣጠላል። ስሪዲ ፕሪንተሩ ግን አንድ ጥሩ ነገር ይሠራል። የድንጋይ ጥለት ያለው ማህተም አትምና ፎሙ ላይ ተጫነው። ለረጅም ግንብ እጅ ያሳርፋል። ማህተሙን እያዟዟርክ ካልተጠቀምክ ግን ያው የቹች ችግር ይመጣል።

ከመጀመርህ በፊት ልጅህን ይዘህ ኤሊኮት ሲቲ ሂድ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1831 የተሠራ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከቀሩት የባቡር ጣቢያዎች ሁሉ አንጋፋው። ሙዚየም ነው፣ ውስጡም የኤችኦ ሞዴል አለ። መንገድህን ወደ ሪሌይ አድርግና በ1835 የተጠናቀቀውን የቶማስ ቪያደክትን እይ። ስምንት ቅስት ያለው የግራናይት ድልድይ ነው፣ ዛሬም የጭነት ባቡር ይሄድበታል። ቀረብ ብለህ ፎቶ አንሳ፦ ውሃ የወረደበትን፣ ሻጋታ የያዘውን፣ ጭስ ያጠቆረውን። ድንጋይ አንድ ቀለም እንዳልሆነ የሚገባህ ያኔ ነው።

ሌላ መልስ፣ ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ እኔ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ፤ ለእርስዎ ባይሆንም እዚህ ላለነው ልጨምር። ኤክስፒኤስ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ነጩ ፎም ግን ሞልቷል፤ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ይጥሉታል፣ ምን አለሽ ተራም ጎራ ማለት ነው። ፍሬ ፍሬነቱን ለማሸነፍ ላዩ ላይ ስቱኮ ወይም ጀሶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይለቀለቃል። ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ፣ ጥፍር ሲያስገቡበት ምልክት ሲይዝ፣ ድንጋዩ በምስማር ጫፍ ይሳላል። ጀሶ ቶሎ ስለሚይዝ ጥቂት ጥቂት መበጥበጥ ነው። ስቱኮ ጊዜ ይሰጣል፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፎም ቦርድ ማስታወቂያ ሠሪዎች ጋር አለ፤ ሙሉውን ባይሸጡም ቁራጭ አይነፍጉም። ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ አካባቢ ያሉ ተማሪዎችንም መጠየቅ ነው፤ ሞዴል መሥሪያ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከግንቡ ሥር ላለው አፈር የቡና አተላ ይሞክሩ። በፀሐይ ወይም በምድጃ ክው ብሎ ይድረቅ፣ አለዚያ ይሻግታል። ኮላ በውሃ አቅጥኖ መቀባት፣ ከዚያ አተላውን ላዩ ላይ መነስነስ ነው።

ጥያቄ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእኔ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። የቱን ሥራ ልስጠው? ማጣበቂያውስ? ሱፐር ግሉ አለኝ።

መልስ

ሱፐር ግሉውን ለሌላ ሥራ አስቀምጠው፤ እሱም ፎም ይበላል። ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ፎም ከፎም ሲጣበቅ መሃሉ አየር ስለማያገኝ ይዘገያል፤ በጥርስ መጎርጎሪያ ወግተህ አሳድረው። ቶሎ ይያዝ ካልክ ሎክታይት ፒኤል 300 የሚባለው ለፎም ተብሎ የተሠራ ነው። ቱቦው ላይ ለፎም እንደሚሆን ያልተጻፈበትን ማጣበቂያ ቁራጭ ላይ ሳትሞክር ግንቡ ላይ አታድርግ።

ለልጁ እስክሪብቶውን፣ የፎይሉን ኳስና ድንጋይ በድንጋይ የሚቀባውን ቀለም ስጠው። የልጅ እጅ ድንጋዩን ስለሚያዛባው እንዲያውም ያምራል። ከተሩ ያንተ ነው። የጋለ ሽቦም ካገኘህ ያንተ ነው፤ ጭሱ ስለሚጎዳ ቤዝመንት ውስጥ ሳይሆን ጋራዡን ከፍተህ ቁረጥ። ፎም በአሸዋ ወረቀት የምትሞርድ ከሆነ ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ። ብናኙ ልብስ ላይ ስለሚጣበቅ ቫኪዩሙን አጠገብህ አድርግ፤ ባለቤትህ ሳትመጣ።