«በፈቃዳቸው ነው የወጡት» እያላችሁ አታድርቁን

የደባርቁ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ ባለሙያ ስለ ስሜን ተራሮች ፓርክ ሲያወራ «ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በፈቃዳቸው ወጥተዋል፣ ችግሩ ተፈቷል» አለ። ደሜ ፈላ። ገብስና በግ የለመደ ገበሬ ደባርቅ ከተማ ገብቶ ምን ይሥራ?

አዘዞ፦ ካሳ ተቀብለው የለ እንዴ? ፓርኩ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። በ2016 ግጭ ተነሳ፣ በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። ምን ትፈልጋለህ?

የደባርቁ፦ ግጦሹን ከልክለው፣ ከብትህን ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዞብህ፣ ቅጣት ከፍለህ ስታስፈታ ከርመህ «እሺ እወጣለሁ» ብትል ፈቃድ ነው? አንተ ከሰፈርህ ከአዘዞ ውጣ ብትባልስ?

የማራኪዋ፦ ዋልያ ከስሜን ሌላ የትም አይገኝም። ሳሩን ከብት ሲጨርሰው ገደሉ ብቻ ይቀርለታል። ጭላዳ ዝንጀሮው ደግሞ የገበሬውን ገብስ ይበላል፣ ኪሳራው የገበሬው። ስለዚህ ፓርኩን ለብቻ፣ መንደሩን ለብቻ ማየት አያዋጣም። ከአፋፉ እስከ ቆላው በአንድ ላይ ይታቀድ። ግጦሹ በተራ ይሁን፣ የጎብኚው ብር ከበቅሎ አከራዩ አልፎ እረኛውም ጋ ይድረስ። ደንቡን መንደሩ ራሱ ያውጣው።

አዘዞ፦ «መንደሩ ራሱ» ሃሃ! የወል ግጦሹን አርሶ የጨረሰው ማን ሆነና?

የማራኪዋ፦ የመንዝ ጓሳን የወል ሳር መሬት እይ። አባቶች ለዘመናት ሳሩን ዘግተው እየጠበቁ፣ ሲፈቀድ ብቻ ያጭዱ ነበር።

አዘዞ፦ እሱም በ1975 እ.ኤ.አ. የመሬት አዋጅ ፈረሰ።

የማራኪዋ፦ አዋጁን መንደሩ ነው ያወጀው?

ፒያሳ፦ እናንተ ስለ ዋልያ ተነታረኩ። እኛ ጎንደር ከተማ ጀሪካን ይዘን ተሰልፈናል። የምንጠጣው ውሃ የሚመጣበት አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ነው። ከላይ ተዳፋቱ ይታረሳል፣ በበጋ በዘመቻ እርከን ይሠራል፣ ወዲያው ከብት ይለቀቅበታል።

አዘዞ፦ ርዕሱ ፓርክ ነው ወንድም።

ፒያሳ፦ ያው ነው! እርከኑ ከገበሬው ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፣ ውሃውን የምጠጣው እኔ። እኛ ከተሜዎች በውሃ ሂሳባችን ላይ ጨምረን እንክፈለው።

አዘዞ፦ የቆጣሪ ኪራይ በዛብኝ ብለህ ሰፈር ያወክህ አንተ?!

ፒያሳ፦ ቧንቧው አየር እየነፋ ለምን ልክፈል?

የደባርቁ፦ ወሬ አታስቀይሱ። አዘዞ፣ ጠይቄሃለሁ፤ ትወጣለህ ወይስ አትወጣም?

አዘዞ፦ ካሳው ስንት ነው? 😂

የደባርቁ፦ ሳቅ! ቤቱ የፈረሰበት ሰው እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ።