የእጅ አንጓ ነርቭ ቀዶ ጥገና፦ መዳፍን ከፍቶ ይሻላል ወይስ በካሜራ?

ጥያቄ፦ ሹሩባ ሠሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲሆን መተዳደሪያዬ ሹሩባ መሥራት ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ያባንኑኛል፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጄን ደጋግሜ ካላራገፍኩ ስሜታቸው አይመለስም። ሐኪሜ ካርፓል ተነል (በእጅ አንጓ ውስጥ የነርቭ መጨናነቅ) ነው ብሎኝ ለአራት ወራት የአንጓ መደገፊያ አስሬ ተኛሁ። የስቴሮይድ መርፌም ተወጋሁ፤ ሁለት ወር ያህል ካሳረፈኝ በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን ቀጭን ጉንጉን ስጀምር የጸጉሩን ዘለላ በሁለት ጣቶቼ መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው እንጂ ዳስሼ አይደለም።

ሐኪሜ ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል፤ አንደኛው መዳፌን ከፍቶ መሥራት፣ ሁለተኛው አንጓዬ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ መሥራት ነው። ካልሠራሁ ገቢ ስለማይኖረኝ ቶሎ ወደ ሥራ የሚመልሰኝን እፈልጋለሁ፤ በሌላ በኩል ነርቩ እንዳይጎዳ እሰጋለሁ። ያለፋችሁበት ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ የተሠራልኝ መዳፍ ተከፍቶ ነው። ያደነዘዙኝ እጄን ብቻ ስለነበር ሐኪሙ እየሠራ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኝ ነበር፤ ወሬያችን ሳያልቅ ሥራው አለቀ። በዚያው ሌሊት፣ ቁስሉ እያመመኝም ቢሆን፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልባንን አደርኩ።

ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጣቶቼ ቢድኑም የመዳፌ ሥር፣ ከአንጓው ከፍ ብሎ ያለው ሥጋ፣ ሲጫኑት ለሦስት ወራት ያህል ያመኝ ነበር። መርፌና ክር በሦስተኛው ሳምንት ይዣለሁ፤ ካውያ ተጭኜ መተኮስና መቀስ አጥብቄ መያዝ ግን እጅግ ዘግይቶብኛል። ያንቺ ሥራ መጫን የሚበዛበት ስላልሆነ ይቀልሽ ይሆናል።

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም

በቅድሚያ ከሁለቱ አሠራሮች በስተጀርባ ያለውን ነገር መረዳት ይጠቅምዎታል። በአንጓዎ ውስጥ ከታች በአጥንት፣ ከላይ ሊጋመንት በሚባል ጠንካራ መቀነት የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በዚህ መተላለፊያ ጣትን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ፤ ቦታው ሲጠብ ቀድሞ የሚጎዳው ነርቩ ነው። በሁለቱም ዓይነት ቀዶ ጥገና የሚቆረጠው ያው አንድ መቀነት ነው። ልዩነቱ የሚገባበት በር ነው።

መዳፍ ሲከፈት ሐኪሙ ነርቩን በቀጥታ በዓይኑ እያየ ይሠራል። በካሜራ ሲሠራ የመዳፍ ቆዳ ስለማይቀደድ ጠባሳው ያንሳል፤ በአማካይም ሕሙማን ጥቂት ቀናት፣ ምናልባት አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ ይሁን እንጂ ጊዜያዊ የነርቭ መደንዘዝ በካሜራው አሠራር በመጠኑ በዝቶ ይታያል። ቋሚ የነርቭ ጉዳት በሁለቱም ብርቅ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱን ዓይነት ሕሙማን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። በካሜራ ሲጀመር ነርቩና መቀነቱ በግልጽ ካልታዩ ሐኪሙ ወደ ክፍቱ አሠራር መዞር አለበት፤ ይህ ጥንቃቄ እንጂ ስሕተት አይደለም።

ስለዚህ ለሐኪምዎ የሚያቀርቡት ዋና ጥያቄ «የትኛው ይሻላል» ሳይሆን «እርስዎ በብዛት የሚሠሩት የትኛውን ነው» የሚል ቢሆን እመርጣለሁ። ስኳርና ታይሮይድ ካልተመረመሩም ይመርመሩ፤ ሁለቱም ይህን ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። አጥብቄ የምለምንዎት ግን እንዳይዘገዩ ነው። መደንዘዙ ቀን ከሌት የማይለቅ ከሆነ፣ በአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋም መሟሸሽ ከጀመረ፣ መቀነቱ ቢቆረጥም የጠፋው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

መልስ፦ የእጅ ፊዚዮቴራፒስት

ከሐኪሙ ሐሳብ ጋር እስማማለሁ፤ ስለ ማገገሚያው ብቻ ልጨምር። ከቀዶ ጥገናው ዕለት ጀምሮ ጣቶችዎን ያጥፉ፣ ይዘርጉ፤ እጅዎ እንዳያብጥም ከልብዎ ከፍታ በላይ ያድርጉት። ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ጠባሳውን በቅባት በየቀኑ ማሸት የመዳፉን ሕመም ያለዝበዋል። ሥራ ሲጀምሩ ወፍራም ጉንጉን የምትፈልግ አንዲት ደንበኛ ይቀበሉ፤ በየግማሽ ሰዓቱም እጅዎን ያሳርፉ። ሰዓታት የሚፈጀውን ቀጭኑን ሹሩባ ለኋላ ያቆዩት፤ ሹሩባ ሠሪ የምትደክመው ዘለላውን በሁለት ጣት ቆንጥጣ ለረጅም ጊዜ ስትይዝ ነውና።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ክሊኒኩ ጋ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ሐኪሜ በብዛት የሚሠራው መዳፍ ከፍቶ መሆኑን ነገሩኝ። ቀኑንም አስቤበታለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሰርግ ስለሌለ ደንበኛዬ በራሱ ይቀንሳል፤ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ቀዶ ጥገናውን ባደርግ ለፋሲካ ሹሩባ የሚመጡት ሴቶች ከመድረሳቸው በፊት ከስድስት ሳምንት በላይ አገኛለሁ። የአንድ ሳምንቱ ልዩነት ያኔ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ቀጠሮውን ለዚያው ሳምንት አስይዣለሁ፤ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራውንም ለሰኞ ጠይቄያለሁ።