አማካሪዬ ወንድሜን ጠራው፤ ምስጢር የሚይዝ ባለሙያ የት ላግኝ?

ማለዳ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት)

እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። አምስት ጊዜ የሄድኩበት አማካሪ ዛሬ ለታላቅ ወንድሜ ደውሎለታል። ወንድሜ ማታ ደወለና «ቅዳሜ 4 ሰዓት አብረን እንድንገባ ተጠርተናል፤ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ምን እንደነገረው አላውቅም። ስልኩን የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ መጀመሪያ ቀን ፎርም ሲሞላ «የቅርብ ተጠሪ» ሲለኝ። ለዚህ ይውላል ብዬ አላሰብኩም።

ትራንስ መሆኔን፣ ማለትም ጾታዬ ስወለድ ከተባለው የተለየ መሆኑን፣ የነገርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና መጨረሻ ላይ «ቤተሰብ ካልገባበት አይስተካከልም» አለ። ይስተካከልልኝ ብዬ አልሄድኩም። እንቅልፍ አጥቼ፣ የሚሰማኝ ሰው አጥቼ ነው የሄድኩት።

ጎጃም ውስጥ ሰውን እንደ ሰው የሚሰማ ቴራፒስት አለ? ቅዳሜስ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የጮቄ ንፋስ

አይዞን። ግን ጎጃም ሰፊ ነው፤ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ሙሉ ቀን ያስኬዳል፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ከየትኛው ወገን ነው? ደግሞ አንተ ልበል አንቺ?

ዳሞት

ኦንላይን መፈለግ ነው። እዚያው ከተማ ያለ ሁሉ ይተዋወቃል።

መምህሩ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከጾታዊ ጤና ጋር የተያያዙ ሁኔታዎች ወዳሉበት ምዕራፍ አዛውሮታል። ስለዚህ «ይስተካከል» የሚል ባለሙያ ከሙያው ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ጭንቀቱ ሊታከም ይችላል፣ የእንቅልፍ እጦቱም ሊታከም ይችላል። ማንነት ግን የሚታከም ነገር አይደለም። ይህን ለአማካሪው በጽሑፍ አዘጋጅቶ መስጠት ይቻላል፤ ባለሙያ መማር አለበት…

የጮቄ ንፋስ

መምህር፣ ቅዳሜ ነገ ወዲያ ነው። ትምህርቱን እሑድ ብንቀጥልስ? 😊

ማለዳ

አንቺ በሉኝ። ከማርቆስ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ነኝ፤ ስሟ ይቅር። ባሕር ዳር ለመሄድ ለቤት ምክንያት መስጠት አለብኝ።

ግሽ ዓባይ

እኔ ከጥያቄው መነሻ አልስማማም። ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው፤ አገራችን ጠበል አላት፣ ንስሐ አባት አላት። ቴራፒስት የሚባለውም የፈረንጅ ነገር ነው። ወንድምሽ መጠራቱ ምን ክፋት አለው? ከወንድም በላይ ማን አለ? በክፋት አይደለም የምጽፈው።

የእማሆይ ልጅ

በክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ። እናቴ ጠበል ትጠመቃለች፣ የሐኪም መድኃኒቷንም ትወስዳለች፤ አንዱ ሌላውን ከልክሏት አያውቅም። ማለዳ ጠበል መሄድ ብትፈልግ በእግሯ ትሂድ። የተጠየቀው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ምስጢሩን አምኖ ነገረ፣ ምስጢሩ ወጣ። ንስሐ አባትህ የነገርካቸውን ለወንድምህ ቢነግሩብህ ምን ይሰማሃል? እሱን ብቻ አስበው።

ሕግ ተማሪ

ከሕግ አንጻር ሁለት ነገር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ድርጊትን ነው፤ ትራንስ መሆን በስም አልተጠቀሰበትም። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ስለማይለይ ለማን ምን እንደምትናገሪ መጠንቀቅ አለብሽ። በሌላ በኩል ያው ሕግ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ የጤና ባለሙያን ይቀጣል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ክሰሺው እያልኩ አይደለም፤ ክስ ማለት ጉዳዩን አደባባይ ማውጣት ነው። ነገር ግን ጥፋተኛዋ አንቺ እንዳልሆንሽ እወቂ።

ዳሞት

ኦንላይን አልኩ እኮ።

ነርስ ነኝ

የምሠራው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ከሁሉ በፊት በቀጥታ ልጠይቅሽ፦ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? አሁንስ? መልሱን እዚህ መጻፍ የለብሽም። ካለ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ። በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ የምታምኚው አንድ ሰው አብሮሽ ይሁን። እዚያ ስለ ማንነትሽ መናገር ግዴታ የለብሽም፤ «ራሴን እጎዳለሁ ብዬ ፈርቻለሁ» ማለት ይበቃል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፦ ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ነው የሚረዳው። በአካባቢያችን ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የምታገኚው የሳይካትሪ ነርስ ነው፤ ወረፋው ረጅም፣ የሚሰጥሽ ደቂቃ አጭር። ማርቆስ ሪፈራል አለ፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። ስለ ትራንስ ብለሽ ክፍል አትፈልጊ፤ ሰው ፈልጊ። በር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ጉዳይሽን አትዘርዝሪ። ካርድሽ በብዙ እጅ ያልፋል። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እጨነቃለሁ ብለሽ ብትገቢ ውሸት አይደለም፤ እውነትሽ ነው። ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ተማሪዎች አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ «ለብቻ መነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት መብትሽ ነው፣ እኛ ስንጠየቅ እናስወጣለን። «ይህን ካርድ ላይ አይጻፉት» ብሎ መጠየቅም ይቻላል። የቅርብ ተጠሪ ሲሉሽ ደግሞ ከቤት ሰው ይልቅ የምታምኚውን ጓደኛ ስልክ ስጪ።

አባይ ማዶ

እኔ ብሆን ቅዳሜ ሄጄ ሁለቱም ፊት ልኩን እነግረው ነበር!

የእማሆይ ልጅ

አንተ ብትሆን ነበር። ማታ የምትመለሰው ግን እሷ ናት፣ ወደዚያው ቤት።

አደይ

ማለዳ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ። ጎጃም ተወልጄ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ቅዳሜ አትሂጂ። ነገ ጠዋት ደውለሽ «ቀጠሮውን ሰርዣለሁ፣ ከእንግዲህ ለማንም እንዳይደውሉ» በይ፤ ምክንያት አትስጪ። ወንድምሽ ጋ ግን ከመናገርሽ በፊት ጠይቂ፦ «አማካሪው ምን አለህ?» ብዙ ጊዜ እንደነዚህ ያሉ አማካሪዎች ሙሉውን በስልክ አይናገሩም፤ «ይምጡና እንነጋገር» ብቻ ነው የሚሉት። እኔ ያኔ ደንግጬ ወንድሜ ያልሰማውን ሁሉ ራሴ ነገርኩት። አንቺ እንቅልፍ አጥተሽ እንደሄድሽ ብቻ ንገሪው። ቤት ውስጥ የሚያሰጋሽ ነገር ካለ መታወቂያሽን፣ ጥቂት ገንዘብና የስልክ ቻርጀር አንድ ቦታ አስቀምጪ፤ ለአንድ ሌሊት የምታድሪበትን ሰው ቤት ከአሁኑ እወቂ።

ባለሙያ ስለ መፈለግ። ሦስት ሰው ሞክሬ የቆየሁት አራተኛው ጋ ነው። የመጀመሪያው ጋ በአካል ሄጄ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ያሉትን መጀመሪያ በስልክ ፈተንኳቸው። ቋንቋችን እዚህ ላይ ያግዛል። «ሄድኩ፣ ተኛሁ፣ ተጨነቅሁ» ስትይ ወንድ ነሽ ሴት ማንም አያውቅም። «አንተ» ካለሽ ደግሞ «እርስዎ ቢሉኝ ደስ ይለኛል» በይው። በአንቱታ ወንድም ሴትም የለም፣ «ይምጡ» ነው፣ «ይቀመጡ» ነው፤ ክብር ጠየቀች ብሎ የሚቆጣ ጎጃሜም የለም። ይህን ትንሽ ነገር የማያከብር ሰው ትልቁን አያከብርም።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋቸው። አንደኛው «የነገርኩዎትን ለሌላ ሰው የሚናገሩት መቼ ነው?» የሚል ነው። ደህና ባለሙያ አይቆጣም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ብቻ እንደሆነ፣ ያኔም አስቀድሞ እንደሚነግርሽ ያስረዳሻል። «አማካሪህን እመን» ብሎ የሚያልፈውን ተዪው። ሁለተኛው «ስለ ጾታ ማንነቱ የተጨነቀ ዘመድ አለኝ፣ እርስዎ ጋ ቢመጣ ምን ያደርጉለታል?» የሚል ነው። አንዱ «ብዙዎችን መልሻለሁ» አለኝ፤ ስልኩን ዘጋሁ። አንዷ ስለ ዘመዴ ገላ መጠየቅ ጀመረች፤ እሷንም ዘጋሁ። አራተኛው ትንሽ ዝም አለና «እንዲህ ያለ ሰው መጥቶልኝ አያውቅም። ግን እሰማለሁ፣ የማላውቀውን አነባለሁ፣ ሊቀይረው የሚሞክር ሰው ጋ አልልከውም» አለ። የፈለግሁት እሱን ነበር። ስለ ትራንስ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሁለት ዓመት አባክኛለሁ። የሚያሻን ምስጢር የሚይዝና ለመማር የማያፍር ሰው ነው፤ እሱ እዚህም አለ። ሁለት ወር ሙሉ «እርስዎ» ሲለኝ ቆየ። ስነግረው «ታዲያ ምን ብዬ ልጥራሽ?» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ዳሞት

ስለ ኦንላይን ግን ምንም አላልሽም።

አደይ

ልክ ነህ ዳሞት፣ ኦንላይን ይጠቅማል። ከከተማሽ ውጭ ያለ ሰው ወንድምሽን አያውቅም፤ በአማርኛ በስልክ የሚያማክሩ አዲስ አበባ አሉ፣ በብር ይከፈላቸዋል። ውጭ አገር ያሉ የእኛ ሰዎችን ስትጠይቂ ግን ቅር እንዳይልሽ፤ ለምሳሌ አሜሪካ ፈቃዱ በየግዛቱ ስለሆነ ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ ያለ ሰው በይፋ መቀበል አይችሉም፤ ክፍያውም በዶላር ነው። ቴሌግራም ላይ ከመጻፍሽ በፊት ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ስልክ ቁጥርሽን «ማንም አያይ» አድርጊው።

ማለዳ (ዓርብ፣ ጠዋት)

ነርስ፣ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ አሁን የለም ነው፤ ስለጠየቅሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። አደይ፣ ደውዬ ሰረዝኩ። ወንድሜ ከሰዓት ይመጣል። ኔት ሲኖር እጽፋለሁ።

ግሽ ዓባይ

ምስጢሩን ማውጣቱ ልክ አይደለም። እሱን አልደግፍም።

ከሞጣ (እሑድ)

ማለዳ እስካሁን አልጻፈችም? እኔም ጥያቄ አለኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ አምስት ሆነን ነው የምንተኛው። በስልክ ብባልስ የት ተቀምጬ ነው የማወራው?

አደይ

አንተ ይሁን አንቺ ስላልነገሩኝ እርስዎ ልበል። እኔ ቤተሰብ ጋ ሳለሁ ተቀምጬ አላወራም ነበር፤ ከመንደር ወጣ ብዬ በማሳ ዳር እየተራመድኩ ነው። የሚራመድ ሰው ስልክ ቢያወራ ማንም ልብ አይለውም፣ ዳገቱ ላይ ኔትወርኩም ይሻላል። ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት፦ ሰው ከመጣ ስለ ትምህርት ማውራት እጀምራለሁ፣ አይደንግጡ ይበሉት። የእኔው በዚያ ሰዓት «ፈተናው መቼ ነው?» እያለ አብሮኝ ያወራ ነበር። ቀጠሮውንም ጠዋት ያድርጉት፤ ማታ ሁሉም ቤት ነው።