ለዕቃ መቆጣጠሪያ ኮድ 39፣ ኮድ 128 ወይስ ኪውአር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መጋዘን ውስጥ ያሉ መለዋወጫዎችን በባርኮድ ነው የምንቆጣጠረው። እያንዳንዱ ዕቃ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለ 14 ቁምፊ መለያ አለው፣ የምንጠቀመው ደግሞ ኮድ 39 የሚባለውን ባለ መስመር ባርኮድ ነው። ስቲከሩ በጣም ስለሚረዝም ትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ አይበቃም። የባርኮዱን ምስል አሳንሰን ስናትም ስካነሩ አንዳንዴ ጭራሽ አያነብም፣ ሲብስ ደግሞ የተሳሳተ ፊደል ያስገባል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው። ወደ ኪውአር ቀይረን የዕቃውን ስምና መግለጫ ሁሉ እዛው እንክተት የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ስካነራችሁ ሌዘር ነው? ከሆነ ኪውአርን እርሳው። ሌዘር የሚያነበው ባለ መስመሮቹን ብቻ ነው፣ ለኪውአር ካሜራ ያለው ስካነር ያስፈልጋል። ለእናንተ ኮድ 128 የሚባለው ሌላው ባለ መስመር ባርኮድ ነው የሚሻለው። ኮድ 39 ላይ ቼክ ዲጂት (ንባቡ ትክክል መሆኑን ማረጋገጫ ተጨማሪ ቁምፊ) በፍላጎት ነው፤ አብዛኛው ሰው አያስገባውም፣ ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ሲመጣ የሚይዘው የለም። ኮድ 128 ላይ ግን ግዴታ ነው፣ ስካነሩ አስልቶ ካልገጠመለት ዝም ይላል። በዚያ ላይ ያጥራል። ኮድ 39 ለአንድ ቁምፊ እስከ 16 ቀጭን መስመር የሚያህል ቦታ ይወስዳል፣ ኮድ 128 ግን 11። ቁጥር ብቻ ሲሆን ደግሞ በዚያው 11 ውስጥ ሁለት አሃዝ ይገባል።

መልስ 2፦
በኮድ 128 እስማማለሁ፣ ግን ለትንንሾቹ ዕቃዎች ዳታ ማትሪክስ (እንደ ኪውአር በጥቃቅን ካሬዎች የሚሠራና በካሜራ የሚነበብ ኮድ) ይሻላል። 14 ካፒታል ፊደልና ቁጥር 16 በ16 ካሬ ላይ ይገባል። ትንሹ ኪውአር 21 በ21 ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ የ4 ካሬ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ዳታ ማትሪክስ 1 ይበቃዋል።
መግለጫውን ግን በፍጹም እንዳታስገቡ! ዳታው በበዛ ቁጥር ወይ ኮዱ ይተልቃል ወይ ካሬዎቹ ይደቅቃሉ። የዕቃው ስም ቢቀየር ደግሞ ስቲከሩን ሁሉ ልጣችሁ እንደ አዲስ መለጠፍ ነው። መለያውን ብቻ አስገቡ፣ ሌላው ሲስተሙ ውስጥ ይቀመጥ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። አብዛኞቹ ሌዘር ናቸው፣ ካሜራ ያላቸው ሁለት ብቻ። ግን ወደ ኮድ 128 ብንቀይርም ያው የማንበብ ችግር አይከተለንም?

መልስ 3፦
አሳንሳችሁ የምታትሙ ከሆነ ይከተላችኋል። ባለ 203 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 203 ነጥብ) ፕሪንተር በአንድ ሚሊሜትር 8 ነጥብ ነው የሚያትመው፣ ግማሽ ነጥብ ማተም አይችልም። ምስሉን በማውዝ ጎትተህ ስታሳንሰው አንዱ መስመር 2 ነጥብ፣ እኩል መሆን የነበረበት ሌላው 3 ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ስካነሩም ቀጭኑን ከወፍራሙ መለየት ያቅተዋል። ምስል መለጠፉን ተዉትና ባርኮዱን ራሱ የስቲከር ፕሮግራሙ ይሥራው፤ የቀጭኑን መስመር ስፋት በሙሉ ነጥብ፣ 2 ወይም 3 ብላችሁ ስጡት። ግራና ቀኙ ላይም የቀጭኑን መስመር 10 እጥፍ ያህል ነጭ ቦታ ይተው፣ ጽሑፍም ሆነ ክፈፍ አይግባበት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ስቲከሮች ካላችሁ ስካነር ሁሉ በደካማው ሞክሯቸው።