የአፍሪካ ዋንጫን እናዘጋጅ ወይስ ሜዳው ይቅደም?

የጨርቆስ ልጅ፦ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ጠቅላላ ጉባኤውን አዲስ አበባ ላይ ሲያካሂድ መንግሥት የ2029 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫን ማዘጋጀት እንደሚፈልግ መናገሩ ይታወሳል። እኔ እናዘጋጅ ባይ ነኝ። መስራች እኮ ነን! በ1957 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ሲጀመር ከሱዳንና ከግብፅ ጋር የተጫወትነው እኛ ነን። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ወጣች። ለመጨረሻ ጊዜ ያዘጋጀነው ግን በ1968 ዓ.ም. ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት!

ተከላካዩ፦ መስራችነት ሳር አያበቅልም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ "ሜዳችን" የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ፤ ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ። ጨዋታውን ካዛንቺስ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው ያየሁት። ዳዋ ሆቴሳ ሲያገባ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ማኪያቶ ሁሉ ተደፋ። ጩኸቱ በረድ ሲል አንዱ "ይሄ እዚህ ቢሆን ኖሮ..." አለ። ማንም አልመለሰለትም። በአገሩ መጫወት ያልቻለ ቡድን ይዘን 23 እንግዳ ልንጠራ ነው?

ጋሽ ሃምሳ አራት፦ ልጆች፣ እኔ የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ እዚሁ አዲስ አበባ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ግብፅ ቀደመች። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን፤ ደስታችንን ሳንጨርስ ደገሙን። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ የሰጡት ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው። ያንን ያየ ሰው "አንችልም" ሲባል አይዋጥለትም።

ተከላካዩ፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን ያኔ የተሳተፉት 4 ቡድኖች ናቸው፤ ጠቅላላው ጨዋታም 4። እኛ 2 አሸንፈን ነው ዋንጫ ያነሳነው። ዛሬ 24 ቡድን፣ 52 ጨዋታ ነው። ኮትዲቯር 6 ስታዲየም አሰልፋለች። ጃንሆይ የሰጡት ዋንጫም ቢሆን ዛሬ በውድድሩ የለም፤ ጋና በ1978 እ.ኤ.አ. ሦስተኛዋን አሸንፋ ለራሷ አስቀርታዋለች።

የድሬ ልጅ፦ ሁላችሁም አዲስ አበባ አዲስ አበባ ትላላችሁ። በ1968 ዓ.ም. አንዱ ምድብ ድሬ ላይ ነው የተካሄደው። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ከእኛ ከድሬው ምድብ ነው የወጣችው። ደግሞ ዓመቱን አታምታቱ። ፈረንጆቹ 1968 የሚሉት የኛን 1960 ነው፤ ያኔ ያዘጋጁት አዲስ አበባና አስመራ ናቸው። በዚህ ስንቴ ተጨቃጨቅን!

የጨርቆስ ልጅ፦ ተከላካዩ፣ ቀነ ገደብ ከሌለ እኛ አንሠራም። አዲስ አበባ የሚሠራው ብሔራዊ ስታዲየም፣ አደይ አበባ፣ ከተጀመረ ስንት ዓመቱ ነው? ዋንጫው ሲመጣ ነው የሚያልቀው።

ተከላካዩ፦ ቀነ ገደብማ ነበረን። በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሳተፉበትን የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ የ2020 እ.ኤ.አ. ቻንን፣ ካፍ ለእኛ ሰጥቶን ነበር። አልደረስንም፣ ለካሜሩን ተሰጠ።

የጨርቆስ ልጅ፦ ካሜሩን ራሷስ? የ2019 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫን ተነጥቃ ለግብፅ ተሰጠባት። ከዚያ በ2022 እ.ኤ.አ. አዘጋጀች። እኛንም ጋብዛ 4 ለ 1 ሸኘችን።

ተከላካዩ፦ ሃሃ፣ እሱን ባታነሳው ይሻልህ ነበር።

የሱራፌል እናት፦ ወንድሞቼ፣ ልግባ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርኩ። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፌ ነው የገባሁት። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር 2 ጎል የግድ ነበር። አዳነና ሳላዲን ሲያገቡ የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ አለቀስኩ። መቀመጫው ያው ሲሚንቶ ነበር። ልጄ ዛሬ 12 ዓመቱ ነው። ብሔራዊ ቡድኑን በአካል አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው በስልኬ ነው። እኔ 52 ጨዋታ አልጠየቅኩም። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ጨዋታ፣ እዚህ።

የጨርቆስ ልጅ፦ እሺ እህቴ፣ የልጅሽ ቅዳሜ ይቅደም። የአዘጋጅነት ማመልከቻውን ግን አልቀድደውም።

ተከላካዩ፦ አትቅደደው። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው።